ውለታው ተከፍሏል፦ ከቤተ እስራኤል መራጮች ለሊኩድ አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሊኩድ ፓርቲ ሊቀመንበር ለክቡር አቶ ቢንያሚን ኔታንያሁ
ለፓርቲው ማዕከላዊ ጉባኤ አባላት
ፓርቲውን ወክለው በክኔሴት (በእስራኤል ምክር ቤት) ለተቀመጡ ሁሉ
መፁዳት ዜኤቭ፣ ቴል አቪቭ

ክቡር ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የፓርቲው አባላት፤

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍነው ዕብራይስጥ ቸግሮን አይደለም። ልጆቻችን የተማሩትም ዘብ የቆሙትም በዕብራይስጥ ነው፤ ሕልማቸውም በዕብራይስጥ ነው። ነገር ግን የጉዳዩ ባለቤቶች፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ለእናንተ ድምፅ ሲሰጡ የኖሩት እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ያለ አስተርጓሚ እንዲሰሙት ፈለግን። በምርጫ ሰሞን በአማርኛ የሚያነጋግረን ሰው አጥታችሁ ስለማታውቁ፣ ይህንንም የሚያነብላችሁ አታጡም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በምርጫ ቀን የሠፈራችንን አረጋውያን በመኪናዬ ወደ ድምፅ መስጫው ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችሉት ሦስቱን ፊደላት ያስጠናሁት እኔ ነኝ። «ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ መም፣ ሔት፣ ላሜድ የተጻፈበትን ወረቀት ፈልጉ» እላቸው ነበር። የእናንተ ምልክት «ማሐል» ማለት ነው። አንዲት እናት እንዳትሳሳት ብላ ፊደሎቹን በትንሽ ወረቀት አስጽፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራቸው ነበር። ባለፈው ጊዜ ቤቷ ስሄድ በር ላይ ተቀብላኝ፣ ቡና አፍልታልኝ፣ «ልጄ፣ ለአንተ ብዬ ከሆነ እነሣለሁ። ለእነሱ ከሆነ ግን እግሬን አሞኛል» አለችኝ። እግሯ ደኅና ነበር። በ1984 ከአምቦበር ተነሥታ ሱዳን ድረስ የተራመደችበት እግር ነው።

ይህ ደብዳቤ የተጀመረው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። እስክሪብቶ ያስነሣን ግን የ2025 ኅዳር ውሳኔ ነው። መንግሥታችሁ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ካሉት፣ የምናሴ ነገድ ነን ከሚሉት የብኔ ሜናሼ ወገኖች 5,800 ሰዎችን እስከ 2030 ለማስገባት ወሰነ። ደስ ብሎናል፤ እውነታችንን ነው። እዚህ ለመድረስ የሚጠብቅን ሰው ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን ያን ዜና የሰማነው ጎንደርና አዲስ አበባ ካሉ ወንድምና እኅቶቻችን ጋር በስልክ እያወራን ነው። «ለሕንዶቹ እንዲህ በሙሉ ቁጥርና በሙሉ ቀን ከተወሰነ የእኛስ መቼ ነው?» ሲሉን የምንመልሰው አልነበረንም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናንተ እናሻግረዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ውለታው እንነጋገር፤ የነገሩ ሥር እሱ ነውና። ወላጆቻችን ሊኩድን የመረጡት ፕሮግራሙን አንብበው አይደለም። «ያመጣን ሊኩድ ነው» ብለው ነው። ሜናሔም ቤጊን በ1977 ሥልጣን ይዘው የኢትዮጵያ አይሁዶች እንዲመጡ አዘዙ፤ በ1991 ግንቦት በይስሐቅ ሻሚር ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ተጫነ። ይህ እውነት ነው፤ አንክደውም። ሰው ሆኖ ውለታ የሚክድ ደግሞ በእኛ ዘንድ ስም የለውም። በ1996 የለገስነው ደም ተደብቆ ይጣል እንደነበር ሲሰማ ሥልጣን ላይ የነበረው የሠራተኛ ፓርቲ ነበር፤ ያ ቁጭትም ብዙዎቻችንን ይበልጥ ወደ እናንተ ገፋን።

ግን ሒሳቡን እንደ ሒሳብ እንየው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 ጥር በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ የመጣን አለን፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያኔ የሠራተኛ ፓርቲው ሺሞን ፔሬስ ነበሩ፤ መንግሥቱም የጋራ ነበር። እኛ ግን ያንንም ሳንሰስት በእናንተ ስም መዘገብነው። በሱዳን መንገድና በመጠለያ ካምፖቹ 4,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። የእነሱ መታሰቢያ በሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። እነሱ አውሮፕላን አልጠበቁም፤ በእግራቸው ወጡ። ታዲያ ያመጣን ማን ነው? ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ እዚህ የተወለደችው ልጄ በፋሲካ ማዕድ ላይ የጠየቀችኝ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል የከፈልነው ብድር ለማን እንደሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ቃል አጠረኝ።

ወደ ጎንደር ልመለስ። በ2015 ኅዳር በሊኩድ የሚመራው መንግሥት 9,000 ያህል ሰዎችን በአምስት ዓመት ውስጥ ለማስገባት ወሰነ። በየቤቱ እልል ተባለ፤ ሠፈራችን ውስጥ ጠላ የጠመቀም ነበር። ወራት ሳይቆይ «በጀት የለም» ተባለ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ይሏል ይህ ነው። ውሳኔው ላይ ነፍስ የዘሩበት ከራሳችሁ ፓርቲ የሆኑት አቶ አብርሃም ንጉሤና አቶ ዳዊድ አምሳሌም ናቸው፤ በ2016 በክኔሴት ከመንግሥት ጋር ድምፅ አንሰጥም ብለው ቆሙ፤ ያኔ በጀቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተገኘ። ከዚያ የተማርነው ትልቅ ነገር አለ፦ በእናንተ ቤት ታማኝነት ገንዘብ አያስገኝም፤ ድምፅ መንሣት ግን ያስገኛል። እኛ ይህን ትምህርት ለመጠቀም አሥር ዓመት ዘገየን።

2020 ደረሰ፤ ዘጠኝ ሺው አልተጠናቀቀም። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 2,000 ሰዎችን የሚያስገባው በረራ ተጀመረ። ቀጥሎ 3,000 ሰዎች እንዲመጡ የተወሰነው በ2021 ኅዳር ነው፤ ያኔ እናንተ በተቃዋሚ ወንበር ላይ ነበራችሁ። ይህን ስንጽፍ አልተደሰትንም። ዕድሜ ልካችንን «ሌሎቹ አይወዱንም» ስንል ኖረናልና፣ ራሳችንንም ያሳፍረናል። በ2023 ነሐሴ አማራ ክልል ውስጥ ውጊያው ሲበረታ ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን አወጣችሁ። ያን ቀን አመስግነናል፤ አሁንም እናመሰግናለን። የቀሩት ግን የቀሩት እዚያው ነው፤ ውጊያውም አልሄደም።

በእኛም መካከል «የሚጠብቁት ሁሉ ዘመድ ናቸው ወይ? ማጣራት የለበትም ወይ?» የሚል ክርክር እንዳለ እናውቃለን። ከቄሶቻችንም ከሽማግሌዎቻችንም በዚህ የማይስማሙ አሉ። እሺ፤ አጣሩ። ማጣራት ግን መጨረሻ አለው። አንድ ዘመዴ ሰነዱን ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገባው ጢሙ ሳይበቅል ነው፤ ዛሬ ሦስት ልጆች አሉት፤ እስካሁን «በመታየት ላይ ነው» ይባላል። እናቱ እዚህ አርፋ ተቀብራለች። አይሆንም ከሆነም አይሆንም በሉን፤ ለቀብሯ እንኳ ያልደረሰ ሰው ተስፋ ላይ ተሰቅሎ መኖር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳያችን ወታደርነት ነው፤ በዚህ ላይ ድምፃችን ከፍ ቢል ይቅር በሉን። የእኛ ልጆች «ጊዩስ»፣ የውትድርና ምልመላው፣ ሲደርስ አያመነቱም። ወላጅ ቤት ውስጥ ችግር ቢኖር፣ እናት ብቻዋን ብታሳድግ፣ ልጁ ይሄዳል። ከ2023 ጥቅምት 7 ጀምሮ በወደቁት ስሞች ዝርዝር ውስጥ የእኛን ስሞች ታገኛላችሁ። የተረፉት ደግሞ ሥራቸውን እየተዉ፣ ሱቃቸውን እየዘጉ ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሚሉዊም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ተጠሩ። በዚህ መሐል በ2024 ሰኔ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የየሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎችን ከግዳጅ ነጻ የሚያደርግ ሕግ የለም፣ መመልመል አለባቸው ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እናንተ ምን አደረጋችሁ? የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ዩሊ ኤደልሽታይን፣ የራሳችሁ ሰው፣ ነጻ የሚያደርገውን ሕግ እንደተፈለገው አላሳልፍም ስላሉ በ2025 ሐምሌ ከወንበራቸው አነሣችኋቸው። አቶ ኤደልሽታይን ዕብራይስጥ በማስተማራቸው በሶቪየት ኅብረት የታሰሩ ሰው ናቸው። ያን ዜና ሚሉዊም ላይ ያለ ልጇ በስልክ ያነበበላት አንዲት ጎረቤታችን፣ «እኛ ልጅ እንሰጣለን፤ እነሱ ወንበር ይለዋወጣሉ» አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ የለንም።

ኦሪትን ለሚያጠና ሰው ክብር አጥተን አይደለም። ቤተ እስራኤል ኦሪቱን በግዕዝ ጠብቆ፣ የሲግድን በዓል ተራራ ላይ እየጾመ የኖረ ሕዝብ ነው። ቄሶቻችን እያረሱ ነበር የሚያስተምሩት።

ሦስተኛው የፖሊስ ነገር ነው። በ2015 ሚያዝያ ሆሎን ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደራችን በፖሊሶች ሲደበደብ ካሜራ ቀረጸው፤ ልጆቻችን ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ። እርስዎ ወታደሩን ጠርተው አነጋገሩት፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የተመራው ያ ኮሚቴ በ2016 ከ50 በላይ ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ መንግሥትም ተቀበለው። እኛም «ይኸው፣ ፓርቲያችን ሰማን» ብለን ለወጣቶቹ ነገርናቸው። በ2019 ሰኔ 30 ቂርያት ሐይም ውስጥ ወጣቱ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። የፖሊስ ጉዳይ ሚኒስቴር ያኔ በሊኩድ ሚኒስትር እጅ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ «ጥምር መንግሥት ነው፣ አጋሮቻችን ናቸው» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

የአበራ መንግሥቱንም ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ2014 መስከረም 7 የአእምሮ ሕመም የነበረበት የአሽቀሎን ልጅ አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገባ። ነገሩ አሥር ወር ያህል በሳንሱር ታፈነ። ወሬው ሲወጣ በ2015 ሐምሌ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ ሰው ለቤተሰቡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከወቀሳችሁ ልጃችሁ ተጨማሪ ዓመት እዚያ ይቆያል የሚል ነገር ሲናገር በቴሌቪዥን ሰማን። በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ልጁ የተፈታው በ2025 የካቲት 22 ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ። እሱና በ2011 የተፈታው ወታደር ጊልዓድ ሻሊት እኩል አይደሉም፤ አንዱ በግዳጅ ላይ የተማረከ ነው፣ ሌላው በሕመሙ ሄዶ የገባ። ልዩነቱን እናውቃለን። እኛን የከነከነን ያ አስፈራሪ አነጋገር ነው። እንደዚያ ያለ ቃል ለሻሊት አባት ተነግሮ ቢሆን ምን ይፈጠር ነበር?

አራተኛው ምናልባት ዋናው ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስተውለውም። በ2022 ኅዳር ድምፃችንን ሰጠናችሁ፤ 32 ወንበር አገኛችሁ። ታኅሣሥ ላይ ወንበሮቹ ሲከፋፈሉ ምን ሆነ? አንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ በሕይወቱ የሚያንኳኳቸውን በሮች ቁጠሩ። ዘመድ ለማስገባት አገር ውስጥ ሚኒስቴር፦ ለሃይማኖታዊው ፓርቲ ለሻስ ተሰጠ። አዲስ ገቢ ለማቋቋም የአልያ (ወደ እስራኤል የመግባት ጉዳይ) እና የመቀበያ ሚኒስቴር፦ ለሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት ፓርቲ። ለቤት፣ የቤቶች ሚኒስቴር፦ ለተባበሩት ኦሪታዊ ይሁዲነት። ለፖሊስ፣ የብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር፦ ለአቶ ኢታማር ቤን ግቪር። እኛ ሊኩድን መርጠን፣ ሊኩድ የእኛን በሮች ቁልፍ አንድ በአንድ ለሌላ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ቅር ባለን ቁጥር «ሚኒስትሩ የእኛ አይደለም» ትሉናላችሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። የሌሎቹ መራጮች ፓርቲያቸው ምን እንዳመጣላቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ እኛ የምንቆጥረው ምን ያህል እንደታገሥን ነው።

ውክልናውም እንደዚሁ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ የመጀመሪያው የክኔሴት አባል አቶ አዲሱ መሰለ በ1996 የገቡት በሠራተኛ ፓርቲ ነው። አቶ አብርሃም ንጉሤ በሊኩድ ስም የገቡት በ2015 ነው። ኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 ስትሾም በእርስዎ የሚመራ መንግሥት ቢሆንም፣ የላካት «ሰማያዊና ነጭ» ፓርቲ እንጂ ሊኩድ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት በታማኝነት የመረጠ ሕዝብ ከፓርቲው አንድ ሚኒስትር አላወጣም። ሌላ ልጨምር? አያስፈልግም።

ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ሠፈሮቻችን መታጎር፣ ሬሖቮት ቂርያት ሞሼም ሆነ ኔታንያ ስላለው ነገር ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። በ2012 ቂርያት ማላኺ ውስጥ ባለ አፓርታማዎች ለእኛ ላለመሸጥ እንደተስማሙ ሲሰማ ከነበረው ብዙም አልራቅንም። ለዛሬ ይቆይ።

ወደ ሌላ ፓርቲ ሄደናል ብላችሁ እንዳትተረጉሙን። ከእኛ መካከል ወደ ግራ የሄደ ጥቂት ነው፤ ወደ ቀኝ አክራሪው የሄደም አለ፤ ብዙው ግን ቤቱ ተቀምጧል። ቤቱ የሚቀመጥ መራጭ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ አይሰለፍም፤ ድንገት በቆጠራ ቀን ነው የሚታየው። ሕጉ እንደሚለው ምርጫው እስከ 2026 ጥቅምት መጨረሻ ይደረጋል። ያኔ እንደተለመደው ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ብላችሁ ዘፋኝና ዳቦ ይዛችሁ ሠፈራችን እንዳትመጡ፣ ከአሁኑ የምንጠይቃችሁን እናስቀምጣለን።

በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁትን በተመለከተ፣ ለብኔ ሜናሼ እንደተደረገው ሁሉ የሰው ቁጥር፣ የማብቂያ ዓመትና በጀት ያለው የመንግሥት ውሳኔ ከምርጫው በፊት ይውጣ። የማይቻል ከሆነም በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ አይቻልም ይባል። «በመታየት ላይ» የሚለውን መልስ ከእንግዲህ አንቀበልም።

የየሺቫ ተማሪዎችን በጅምላ ነጻ ለሚያወጣ ሕግ የፓርቲያችን የክኔሴት አባላት እጅ አያውጡ። ማን እጁን እንዳወጣ ስም በስም እንመዘግባለን፤ በየቤቱም እንናገራለን።

የ2016ቱ ምክረ ሐሳቦች ስንቱ እንደተፈጸመ፣ ስንቱ እንዳልተፈጸመ ሊኩድ በክኔሴት ጠይቆ ለሕዝብ ያሳውቅ።

በሚቀጥለው ጥምር መንግሥት ድርድር የአልያና የመቀበያ ሚኒስቴር፣ የፖሊስ ጉዳይም፣ በሊኩድ እጅ እንዲሆን አመራሩ አስቀድሞ በይፋ ቃል ይግባ። በእጩዎች ዝርዝር ላይም የቤተ እስራኤል ተወካይ ሊገባ በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ፤ የሚመርጡትም የእኛው የፓርቲ አባላት ይሁኑ። ከላይ የሚወርድ ተወካይ ወደ ላይ እንጂ ወደ እኛ ስለማያይ ነው።

መልሳችሁን በዕብራይስጥም በአማርኛም፣ በጽሑፍ፣ ከፓርቲው የቅድመ ምርጫ ውድድር በፊት እንጠብቃለን። መልሱ ሲመጣ ምኩራብ ውስጥ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነባለሁ። እስከዚያ ግን በምርጫ ቀን አረጋውያንን የማመላልስበት መኪናዬ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ፊደል ለምትቋጥረው እናትም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የሠፈሩ የምርጫ ቀን አስተባባሪ፣ የሊኩድ አባል
ከእሱ ጋር በመሆን፦ የአረጋውያን ክበብ ሰብሳቢ፣ የተጠባባቂ ወታደሮች እናቶች ተወካይ፣ ዘመዶቻቸው ጎንደርና አዲስ አበባ ያሉ ቤተሰቦች ተወካይ